ከጀልባ ያስወረደኝ ሆዴ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ዘነበች፤

እንዴት ሰነበቱልኝ እትዬ? ክረምት ሲገባ የሚነሳብዎ የወገብ ቁርጥማት ዘንድሮስ ተወዎት? ባለቤትዎ ጋሼ ይልማስ ሳሉ ለቀቃቸው? ከብቱስ፣ አዝመራውስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ ወንድምዎ ጉልላት ሐሳብ ካልሆነ በቀር ሕመም አልነካኝም።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይወቁልኝ፦ ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። የማታ ትምህርቴን ጨርሼ፣ የምስክር ወረቀቴን ከቀበሌ ተቀብዬ፣ በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። ከክፍላችን እንደኔ ፊደል የሚያሳምር የለም፤ መምህሩ ራሱ ወረቀቴን ወደ ብርሃን አቅርቦ ሁለቴ አየው። ሙሉጌጥ፣ አንቺ የእህቴ ልጅ፣ እዚህ ድረስ የጻፍኩትን፣ ጎረቤት እንዲሰማ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ። ከዚህ በታች ያለውን ግን ለእናትሽ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ።

እትዬ፣ ከጀልባ አውርደውኛል።

እንደሚያውቁት ሥራዬ በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ነው። በአንዲት ጀልባ ሦስት ሆነን እንወጣ ነበር፤ አለቃችን ማቴዎስ፣ ሽበሺና እኔ። ነፋስ በበረታበት ቀን መረቡን ልስብ ጎንበስ ብል ጀልባዋም አብራኝ ጎንበስ አለች። ውኃው ገባ። ማቴዎስ በጣሳ እየቀዳ ሲደፋ፣ ዋና የማያውቀው ሽበሺ «ጌታ ሆይ! ጌታ ሆይ!» ይላል። ዳር ስንደርስ ማቴዎስ «ጉልላት፣ አንተን ጭነን ዓሣውን የት እናድርገው?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ሳይስቅ፣ እስከ መስከረም ክብደት ካልቀነስኩ ቦታዬን ለሌላ ሰው ለዘለቄታው እንደሚሰጥ ነገረኝ። አልፈረድኩበትም፤ ሽበሺ የልጆች አባት ነው።

እኔም «በሳምንት ሸንቀጥ ብዬ እመጣለሁ» ብዬ ፎከርኩ። ያን ጊዜ መካሪው በዛ። አብራኝ ፊደል የቆጠረችው ገበያነሽ፣ ሎሚ በሙቅ ውኃ በባዶ ሆድህ ጠጣ፣ ስብን እንደ ሳሙና ያጥበዋል አለችኝ። ጠጣሁ፤ የታጠበው አንጀቴ ነው። ሽበሺ ደግሞ ስብ የሚወጣው በላብ ነው ብሎ የጎማ ካፖርቱን አዋሰኝ። ሆዴን በመቀነት ጠፍሬ፣ ካፖርቱን ደርቤ፣ ዝናቡ ባረፈ ቀን ከሐይቁ ዳር እስከ ፒያሳ ደርሶ መልስ ሮጥኩ። ሰዉ እብድ መጣ ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ። ላቤ እንደ ጅረት ወረደ። እንደተመለስኩ የዓሣው ሚዛን ላይ ብወጣ፣ እውነትም ቀንሻለሁ! ማኅበርተኛውን ሰብስቤ «ወንድ ማለት ይህ ነው!» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ጉሮሮዬ ደርቆ ስለነበር የማሰሮውን ውኃ ጭልጥ አደረግሁት። ያ ተንኮለኛ ማቴዎስ «እስቲ አሁን ውጣ» አለኝ። ብወጣ፣ የሄደው ሁሉ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ውኃ ስጠጣ ያየኝ ሁሉ «ስብህን እየመለስክ ነው?» ይለኛል።

ምሳም ተውኩ፤ ራት ላይ ምሳዬን ከነወለዱ በላሁት። ራሴን ሲያዞረኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ፅጌ ሎሚውንም መቀነቱንም ሰምታ እስኪደክማት ሳቀች። ላብ ውኃ ነው እንጂ ስብ አይደለም፤ ሆድን ብቻ ለይቶ ማክሳትም የለም፤ ሰውነት ደስ ካለው ቦታ ይጀምራል አለችኝ። እውነቷን ነው እትዬ፤ ፊቴ ሁዳዴ ገብቷል፣ ሆዴ ገና ፋሲካ ላይ ነው። ከምትበላው ትንሽ ቀንስ፣ በየቀኑ ተራመድ፣ ታገስ ነው ምክሯ። ትዕግሥት! ለእኔ! ፊደሉም በአንድ ማታ እንዳልገባኝ ትዝ ባይለኝ ጥያት እወጣ ነበር።

አሁን ዓሣ በቅርጫት ተሸክሜ እስከ ምሥራቅ ሰፈር በእግሬ እያዞርኩ እሸጣለሁ። ጠዋት ጀልባዋ ስትወጣ ግን መቆምም መቀመጥም ያቅተኛል፤ ዳር ዳሩን ስንቆራጠጥ ወፎቹ እንኳ ለምደውኛል። ለጊዜው በቦታዬ የተቀመጠው ሰውዬ ቀጭን ነው፤ እጁም መረብ ያውቃል። መስከረም ሳይጠባ ቢላመዱትስ? ይህን እየጻፍኩ እንኳ ስንቴ ብድግ ብዬ ወደ ሐይቁ አየሁ። ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ገብቷል፤ እኔ ከስቼ ይሁን ቆዳው ረዝሞ እንጃ።

እርስዎ «ወንድሜ ወፍሯል፣ ሰው ሆኗል» እያሉ ለጎረቤት እንደሚያወሩ ሰምቻለሁ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ከራስዎ አፍ ቀንሰው ያሳደጉት ሆድ ነውና፣ ሳላማክርዎ ማጉደሌ ከብዶኛል። ከስቼ ብመጣ ታመመ፣ ራበው ብለው እንዳያለቅሱብኝ።

ያነጠሩልኝን ቅቤ አይላኩ ልል ነበር፤ አሰብኩበትና ይላኩት። ለማቴዎስ እሰጠዋለሁ። እሱ ከወፈረ እኔን የሚናገርበት አፍ አይኖረውም።

ጋሼ ይልማን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ሙሉጌጥን ዓይኗን ይሳሙልኝ፤ ከጎረቤት ደብቃ ስላነበበች ሽልማት አላት። ላሚቱንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ወደ ጀልባዬ የመመለሴ ነገር ግማሹ ከእግሬ፣ ግማሹ ከእሷ ጡት ነው።

ወንድምዎ ጉልላት
አዋሳ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1975 ዓ.ም.