የሪጋው ምራቂ

ኅዳር 6፣ 1986፣ ሰኞ

የፈይሰል ሙዚቃ ቤት ዛሬ ጠዋት ታሸገ። ካሴቶቹ በሁለት ጆንያ ተጭነው ሄዱ። ፈይሰልም አብሮ።

ቢሮ ገባሁ፣ ደብዳቤ መዘገብኩ፣ ምሳ በላሁ። ሙቀቱ እንደ ወትሮው። 

ኅዳር 7

ሱቁ የታሸገው በቅዳሜው ስብሰባ ጣጣ ነው። ትምህርት በየትኛው ቋንቋ ይሰጥ በሚለው ላይ የተጠራው። ኳስ ሜዳው ሞልቶ ነበር። አንዱ ሲናገር ሌላው ሲያጉረመርም ከኋላ ተማሪዎቹ ተነሡና አንድ ላይ ጮሁ። የአኙዋው፣ የኑዌሩ፣ የደገኛው ልጅ ሁሉ። እያጨበጨቡ ከአንድ ዘፈን የወሰዱትን ሐረግ ደጋገሙት። ድምፅ ማጉያው ተዋጠ። ስብሰባው ተበተነ።

መድረክ ላይ የነበሩት እርስ በርስ ተያዩ። "የማን ቋንቋ ነው?" የሚያውቅ ጠፋ።

እኔ አውቀዋለሁ። ላትቪያኛ ነው።

ኅዳር 9

እዚህ ላይ እንኳ በትክክል ልጻፈው። ካሴቱ የእኔ ነው።

በ1980 አልዌሮ ግድብ ላይ ለሶቪየቶቹ አስተርጓሚ ሳለሁ ያኒስ የሚባል ቀያሽ ሰጠኝ። የላትቪያ ሰው፣ የሪጋ ልጅ። ሦስት ዓመት እዚያው ተምሬ ቋንቋውን ስለማውቅ ከእኔ ጋር ያወራ ነበር። ሽፋኑ ላይ በሩሲያኛ "የኮንክሪት ሙከራ፣ ቁጥር 4" ይላል። የራሳቸው ሰዎች እንዳይከፍቱት። ምድር ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው፤ ሱቅ አይሸጥም፣ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ። ጊታሩ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የሚበተን ይመስላል። ዘፋኙ አይዘፍንም፣ ይጮኻል። መጀመሪያ ስሰማው ቴፔ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ደገምኩት። ከዚያ ማቆም አቃተኝ... ለምን? ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ትእዛዝ ስተረጉም የምውል ሰው ነበርኩ።

ዓምና ለፈይሰል አዋስኩት። አሠራሩን ከተማው ያውቃል። ባዶ ካሴት ይዘህ ትሄዳለህ፣ የዘፈን ዝርዝር ትሰጠዋለህ፣ ይቀዳልሃል። መጨረሻ ላይ ቦታ ከተረፈ ባዶውን አይመልስም። "ምራቂ!" ይልና ከራሱ አንድ ሁለት ይጨምራል። ከዓምና ወዲህ ምራቂው የሪጋው ነው። የሱዳን ዘፈን አስቀዳ፣ መዝሙር አስቀዳ፣ ጭራው ላይ ያ ሰውዬ ይጮኻል።

ኅዳር 10

ኃላፊዬ አቶ ኦቻንግ አስጠሩኝ። ከፈይሰል ቤት ከተወሰዱት አንዱን ካሴት ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ውቤ፣ አንተ የፈረንጅ ቋንቋ ታውቃለህ። ስማና ጻፍ።"

ከዚያ እንዲህ አሉ፤ "ሰባ ሦስት ካሴት ሰማን። ይሄ ጩኸት ስልሳው ላይ አለ። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ። ጉዳዩን የያዘው ኮሚቴ ተደብቆ የተሰራጨ ነው ይላል። ማን ነው ያደራጀው?"

"ምራቂ ይሆናል" አልኩ።

"ምራቂ ስኳር ሲገዙ ነው። ይሄ ምንድነው?"

አማርኛን ካደጉ በኋላ ነው የተማሩት። አጭር ይናገራሉ፣ አይሳሳቱም።

"ኮሚቴው የዘፈኑን ትርጉም አይቶ ነው የሚወስነው። መጥፎ ከሆነ ፈይሰል ይከሰሳል።"

ካሴቱ የማን እንደነበረ አልጠየቁኝም። አልነገርኳቸውም። እንደ እኔ ያለ ደገኛ ሠራተኛ ይቀነሳል የሚባል ወሬ አለ... ወሬ ብቻ ነው?

ኅዳር 12፣ እሑድ

ከፈይሰል ሚስት ከጦይባ ጋር ስንቅ ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ከስቷል። ቀልዱ ግን አለ።

"ጋሼ ውቤ፣ እስቲ ንገረኝ፣ ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው? ዓመት ሙሉ ቀዳሁት፣ ታሰርኩለት፣ ቢያንስ ልወቀው!"

"ከማን አገኘኸው አላሉህም?"

"ብለዋል። ከዲማ የመጣ ወርቅ ቆፋሪ ረስቶት ሄደ አልኳቸው።" ጠቀሰኝ። "ወርቅ ቆፋሪ ሄደው ይፈልጉ እንግዲህ።"

ስንመለስ ጦይባ መንገድ ላይ ቆመች። "የፍቅር ዘፈን ነው በላቸው። ካንተ ሌላ ማን ያውቃል?"



ኅዳር 13

አሥር ጊዜ ሰማሁት። ጻፍኩ።

"ተሰለፍ አሉኝ፣ ተሰለፍኩ። አጨብጭብ አሉኝ፣ እጄ አበጠ። ከእንግዲህ ግን አልሰለፍም።"

ስብሰባው ላይ ልጆቹ የጮሁት የመጨረሻዋን ሐረግ ነው።

በሌላ ወረቀት የፍቅር ዘፈን አደረግኩት። መጠበቅ፣ ወንዝ፣ የቀረች ልጅ። ጥሩ ወጣ። ያስፈራኝ ጥሩ መውጣቱ ነው።

ኅዳር 15

የጎረቤቴ ልጅ አኬሎ መጣች። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ከጮሁት አንዷ።

"ትርጉሙን ታውቂዋለሽ?" አልኳት።

"አናውቅም። ግን ሰውዬው እንቢ እያለ ነው። እሱማ ያስታውቃል።"

"ለምን እሱን መረጣችሁ?"

"በአኙዋ ብንዘፍን ኑዌሮቹ ዝም ይላሉ። በኑዌር ከሆነ እኛ ዝም እንላለን። በአማርኛ ከሆነ ደግሞ የደገኛ ነው ይባላል፣ አትቆጣ ጋሼ። ይሄ የማንም አይደለም። ለዚህ ነው ሁላችንም የጮህነው።"

በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። "የጮህነው እኛ። ፈይሰል ለምን ይታሰራል?"

የጮሁት እነሱ፣ የታሰረው እሱ... ካሴቱን የሰጠሁትስ?

ኅዳር 17፣ ዓርብ

ሁለት ወረቀት አስገባሁ። በአንዱ ትርጉሙ፣ እንዳለ። በሌላው ካሴቱ የእኔ መሆኑ፣ ፈይሰል ቋንቋውን እንደማያውቅ፣ የተረፈ ቦታ መሙያ እንዳደረገው።

አቶ ኦቻንግ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"የፍቅር ቢሆን ይሻል ነበር።"

"ጽፌው ነበር። ቀደድኩት።"

"ይሄ ሁለተኛው ወረቀት ፊርማ የለውም። ካልፈረምክ እንደሌለ ነው። ይዘኸው መሄድ ትችላለህ።"

ፈረምኩ።

ወደ መስኮቱ ዞሩ። "የባለቤቴ የመዝሙር ካሴት ላይም አለ። ልጆቼ እዚያ ሲደርስ ድምፁን ይጨምራሉ።" ፈገግ አላሉም። ካሴቱን መሳቢያ ውስጥ ከትተው ቆለፉበት።

ከዚያ ወጥቼ ጣቢያ ሄድኩ። ለፈይሰል ሰውዬው ምን እንደሚል ነገርኩት። "ይኼን ነው እንዴ በምራቂ የሰጠሁት?" ብሎ ሳቀ። ካሴቱ የእኔ ነው ብዬ መፈረሜን፣ የወርቅ ቆፋሪው ነገር እንዳበቃለትም ነገርኩት። ይኼኔ መሳቁን ተወ።

ኮሚቴው ሰኞ ኅዳር 20፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይቀመጣል። አጀንዳው ላይ አንድ ስም ነበር። አሁን ሁለት ነው።