የቀዝቃዛው ብርጭቆ ነገር

ኅዳር 4
ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የኔ ነበር። ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆሜ አዲሱን የሳይንስ ክፍል ኃላፊያችንን ሲያስተምር አየሁት። “ሊቁ” ብዬዋለሁ፤ በልቤ ነው ታዲያ። ሁለት ብርጭቆ፦ አንዱ የፈላ ውሃ፣ አንዱ ከፍሪጅ የወጣ። ለእያንዳንዱ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ቀለም። በሙቁ ወዲያው ተሰራጨ፤ በቀዝቃዛው ታች ወርዶ ተኛ።
“አያችሁ? በቀዝቃዛ ውሃ ሞለኪውል አይንቀሳቀስም!” አለና ውሃውን ደፋው። ንጽሕና ይወዳላ...
ኧረ ቀስ አሉ እንጂ መች ቆሙ! ትንሽ ቢታገስ ያየው ነበር። ሳይደፋ ውሎ አያውቅም።
ሰላም ብዬው ገባሁ። ከአለቃ ጋር ምን አነካካኝ?

ኅዳር 9
ልጄ የሊቁ ተማሪ ናት። ፈተና ላይ “ቀስ ብለው ይንቀሳቀሳሉ” ብላ ጻፈች። ኤክስ!
“አባዬ፣ ማነው ልክ?”
“አንቺ።”
“ታዲያ ንገረዋ!”
“እስቲ አየዋለሁ” አልኳት። ምኑን ነው የማየው?

ኅዳር 10
ሻይ ሰዓት ላይ ሊቁ አጠገቤ ተቀመጠ። አሁን ልንገረው... አሁን...
“ልጅህ ጎበዝ ናት፤ ክርክር ታበዛለች እንጂ” አለኝ።
“ልጅ አይደለች፣ ይቅርታ ያድርጉላት!” አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ወረቀት ላይ አንበሳ፣ ሻይ ቤት ድመት።

ኅዳር 11
ሊቁ ክፍል ውስጥ “አባትሽ እንኳን ይቅርታ ጠይቆልሻል” ብሏታል። በተማሪው ፊት። ልጄ አታናግረኝም። እኔም ብሆን አላናግረኝም ነበር።

ኅዳር 14
“ወላጅሽን አምጪ” ተባለች። ባለፈው ሳምንት ሊቁ ያንኑ ሙከራ በነሱ ክፍል ደግሞ ውሃውን ሊደፋው ሲል ቀዝቃዛውን ብርጭቆ ተቀብላ ፍሪጁ ውስጥ ጥግ ላይ መልሳው ነበር። ሰንበትን እዚያው ከርሞ ዛሬ ከታች እስከ ላይ ሰማያዊ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።
“አማስለሽዋል፣ ውሸታም!” ብሎ አስወጣት።
ልጄን? ውሸታም?

ኅዳር 15
ወላጅ ሆኜ ገባሁ። ተማሪው ሁሉ ያያል። “ልጄ አላማሰለችም። ሞለኪውል በቀዝቃዛ ውሃም ይንቀሳቀሳል። እርስዎ ሲሳሳቱ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ” አልኩት።
“ታዲያ እስካሁን የት ነበርክ?” አለኝ።
ከመጣ ጀምሮ ከአፉ የወጣች ብቸኛ ትክክለኛ ነገር።
ከሰዓት በኋላ በእጄ የነበረውን የቤተ ሙከራ ቁልፍ አስረክብ ተባልኩ። ይውሰደው፣ ብርጭቆ ሲያጥብ ይክረም!
ልጄ በጓደኞቿ ፊት ከኔ ጋር መታየት ታፍር ነበር። ዛሬ ስንወጣ በሩ ላይ ክንዴን ያዘች።
“አባቴ ነው” አለቻቸው። እንደማያውቁኝ!