ስለትህን ይዘን ሐይቁን ልንሻገር ነው

ይድረስ ለምወድህ ለአባዬ፤

ከተለያየን ስድስተኛው የሰሊጥ አጨዳ አለፈ። ዓመተ ምሕረቱን ትቼ በአጨዳ መቁጠሬን አትታዘበኝ፤ ያስለመድከን አንተው ነህ። የእኔን ልደት እንኳ ሰው ሲጠይቅህ «ዝናብ ክምሩን ያበሰበሰብን ዓመት» ትል ነበር እንጂ ቀኑን አንድ ጊዜ ጠርተኸው አታውቅም።

በዚህ ገጽ የሰው ሰርግና የሰው ኩርፊያ ሳወራ የለመዱኝ አንባቢዎች ዛሬ ትንሽ ይታገሡኛል። ወሬው የራሳችን ቤት ነው፤ የምነግረውም ላንተ ነው።

እማዬ ከሽንፋ ወጥታ እዚህ ገንዳ ውሃ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። ከአልጋዋ እስከ በር በዱላ፣ ከበር እስከ ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ነው። የባጃጅ ልጆቹን ስማቸውን ከነእናታቸው እየጠራች ስለምትመርቅ፣ ሌላ ሰው ተራ እየጠበቀ እሷን ያስቀድሟታል፤ የሚያጉረመርም አይጠፋም፣ እሷ ግን አትሰማም። የሽንፋውን መሬት ልጅህ ጌቱ ከዚሁ እየተመላለሰ እያረሰው ነው። ሁለት ልጆች ወልዷል፤ ትልቁ መልኩም ግትርነቱም አንተን ነው። ወንድምህ አያ ደምሌ ግራ ጎናቸውን ከታመሙ ወዲህ እዚሁ እኛ ጋር ናቸው፤ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ። አፋቸውን ግን እግዜር አልነካባቸውም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ስለትህን ልናደርስ ነው።

ጌቱ ሲወለድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እማዬ ሦስት ቀን አማጠች። ክረምቱ መንገዱን በልቶት ወደ ሐኪም የሚያደርስ መኪና አልነበረም። አንተ ደጅ ጭቃው ላይ ቆመህ፣ ፊትህን ወደ ደጋው አዙረህ የተናገርከውን እኔ በሩ ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። «የደሴቷ ማርያም፣ ይቺን ሴት በእግሯ ካቆምሽልኝ፣ ጥላ ይዤ፣ እሷንም ይዤ ደጅሽ እመጣለሁ» ነው ያልከው። እማዬ ተወልዳ ያደገችው ጎርጎራ አጠገብ፣ ጣና ዳር ነው። ያቺን ደሴት በልጅነቷ ከማዶ እያየቻት ኖራ አንድ ቀን ሳትረግጣት አንተን አግብታ ቆላ ወረደች።

ከዚያ በኋላ «ዘንድሮ» ያልክበትን ጊዜ እማዬ ታስታውሳለች፤ «ለከርሞ» ያልክበትን ደግሞ ሁላችንም እናስታውሳለን። አንዴ ተባይ፣ አንዴ ጎርፍ፣ አንዴ የእኔ ትምህርት ቤት። ጥላውን በመጨረሻ ገዝተኸው መጣህ፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ። በፌስታል ጠቅልለህ ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቀልከው። በቀጣዩ ክረምት ታመምክ።

እማዬ ጥላውን ከሽንፋ ይዛው መጥታ እዚህም ማገር ላይ አሰቀለችው እንጂ ስለ ስለቱ ብዙ አትናገርም ነበር። ባለፈው መስቀል ግን ጉልበቷን በቅባት እያሸሁላት ሳለ፣ እንደዋዛ አድርጋ፣ «አባትሽ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ጥላውን ነው» አለችኝ። ለጌቱ ያን ቀን ነገርኩት፤ እሱም ነገ ዛሬ ሳይል «ከጥምቀት በኋላ ሁላችንም እንሄዳለን፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር» ብሎ ቆረጠ።

መንደሩን ታውቀዋለህ፣ መች ዝም ይላል። «የቆላ ሰው ጀልባ አማረው» አሉ። «አሮጊቷን ሐይቅ ሊከቷት ነው» ያለችም አለች፤ ማን እንደሆነች ታውቃታለህ፣ አንተ ስትቀበር ከሁሉ በላይ ጮሃ ያለቀሰችው ናት።

ሽማግሌ ይዞ መንገድ መውጣት እንዲህ ጣጣ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ አባዬ። ሚኒባሱ ተገኘ። አይከል ላይ አረፍ ብለን፣ ጎርጎራ የእማዬ ዘመዶች ቤት አድረን፣ በማግሥቱ ማለዳ የሐይቁ ማዕበል ሳይነሣ በሞተር ጀልባ ወደ ደሴቷ፤ ዕቅዱ ይኸው ነው። አያ ደምሌ የጀልባው ወሬ ከተነሣ ጀምሮ አላስተኛን አሉ። «ፍሬን አለው?» ብለው ጠየቁ። የለውም ሲባሉ «ታዲያ በምን ይቆማል?» አሉና ግማሽ ቀን ተከዙ። በውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ ከጋቢ በላይ ነው ወይስ ከጋቢ በታች የሚለበሰው የሚለውን እስካሁን አልጨረስነውም። የራሳቸውን ፕላስቲክ ወንበር በገመድ አስሬ ካልሄድኩ ብለዋል። ልጄ የእሳቸውንና የእማዬን መድኃኒት በሰዓት በሰዓት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች።

እማዬ ደግሞ ውኃ መጠጣት ቀንሳ አገኘኋት። ከንፈሯ ደርቆ ሳይ ነው የነቃሁት። ለካ «ሐይቅ መሐል ሽንት ቢመጣብኝ ምን ይውጠኛል» ብላ ከአሁኑ ራሷን እያለማመደች ኖሯል። ለባለ ጀልባው ደውዬ ደሴቷ ላይ ማረፊያ መኖሩን፣ መንገዱም አንድ ሰዓት እንደማይሞላ አስነገርኳት። ያኔ ጠጣች።

ያው ባለ ጀልባ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። በጥር ውኃው ስለሚሸሽ ጀልባው መሳፈሪያው መደብ አጠገብ አይቆምም፤ ከዳር እስከ ጀልባው ጠርዝ እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ ከፍታ አለ። «አሮጊት ካሉ ችግር የለም፣ እንሸከማቸዋለን። ፈረንጅም ተሸክመን እናውቃለን» አለ።

ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። አንተ ዘንድ ሳልደርስ ብናዘዘው ይሻላል።

እማዬን ማንም ወንድ ታቅፎ እንዳያሳፍራት ብዬ አሰብኩና፣ ያቺን በገመድ የተጠለፈች የሱዳን አልጋ ከጓዳ አወጣኋት። ጌቱ ሁለት አጣና ግራና ቀኝ አሰረበት። አራት ጎረቤቶች ጠርተን፣ የጌቱን ሚስት አጋድመን፣ ግቢውን እየሳቅን ዞርን። ለደሴቷም አቀበት ይሆናል ብለን ተደስተናል። ቆላ ተወልጄ፣ ቆላ አድጌ፣ ሰው ከነሕይወቱ ወጥቶ ሬሳው የሚመለስበት አልጋ መሆኑን እንዴት ዘነጋሁት? አንተን በዚያ ጭቃ ከሽንፋ ማሳህ እስከ አውራው መንገድ በምን ላይ ነው የተሸከምንህ? ወደ ቤትስ የተመለስከው በምን ላይ ነው? እማዬ የአልጋውን እግር ይዛ ከኋላ ስትከተል ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ አላነሣችውም ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ባጃጁ በር ላይ አወረዳት። አልጋውን በአራት ሰው ትከሻ ላይ አየችው። ሳቃችን ወዲያው ሞተ። እየተደገፈች ገባች፣ ነጠላዋን አጠፈች፣ ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ «እኔን በዚህ የምታወጡኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያ ቀን ገና ነው» አለች። ደግሞም፣ «በእግሯ ካቆምሽልኝ ብሎ ለምኖ፣ እኔ ተጋድሜ ልሂድላት? ጥላውን እናንተው አድርሱት» አለች።

አንድ ሳምንት የጉዞው ስም ቤታችን ውስጥ አልተነሣም። ጌቱ ሚኒባሱን ሊመልስ ሁለት ጊዜ ስልኩን አንሥቶ ሁለት ጊዜ አስቀመጠው። እሷ ካልሄደች ስለቱ ስለት አይደለም። የዳነችው እሷ ናት፤ ቃል የተገባውም ለእሷ እግር ነው። የከርሞ ጉልበቷን ደግሞ ማን ያውቃል።

ነገሩን የፈታው የአያ ደምሌ አፍ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «ወንድሜ ቢኖር ኖሮ ጆንያ ይደረድር ነበር እንጂ አልጋ አያስርም» አሉ። እማዬ ከቤት ውስጥ፣ ሳትወጣ፣ «ግማሽ ጆንያም በየመሐሉ ጣል ያደርግበት ነበር» ብላ መለሰች። በሳምንቷ መናገሯ ነበር።

እኔም ያኔ ትዝ አለኝ። አንተና አያ ደምሌ ጫኝ በነበራችሁበት ዘመን፣ ሰሊጡ በዚያ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲጫን ጆንያውን እንደ ደረጃ ትደረድሩ ነበር። ጫኙ በላዩ እየወጣ ይጭናል፤ መጨረሻ ላይ ደረጃው ራሱ ይጫናል። እማዬ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ደጋ በምትወጣበት ቀን አንተ ጫኞቹን ታስቆምና የእሷን ደረጃ ለብቻው ትሠራለህ። የጫኝ እርምጃ ሙሉ ጆንያ ነው፤ ለእሷ ግን ጉልበቷ እንዳይታጠፍ በየሁለቱ ጆንያ መሐል ግማሽ የተሞላ ታስገባለህ። ያን ጊዜ ጉልበቷ ደህና ነበር እኮ። ጫኞቹ ይስቁብህ ነበር። «ንግሥት ልታሳፍር ነው» ይሉህ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት ጌቱ የትራክተሩን ተሳቢ ግቢ አስገባ። አሸዋ በጆንያ ሞላን። አያ ደምሌ ወንበራቸው ላይ ሆነው በዱላቸው እየጠቆሙ «ጎኑን አስተኛው፣ አፉን ወደ ውስጥ፣ እንዲህ ነው እንዴ ያባትህ ልጅ» እያሉ አስደረደሩን። ሲያልቅ እማዬ ማንም ሳይጠራት ወጣች። ዱላዋን ለልጄ ሰጠቻት። አንድ ወጣች፤ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ቆመችና ቀኝ እጇን ወደ ጎን ዘረጋች። አየሩን ያዘች። ሁላችንም እጇን አየነው፣ አባዬ። የሚያርፍበትን ቦታ ያውቃል፤ ቦታው ግን አልነበረም።

ሮጬ ደረስኩና ከደረጃው ጎን፣ ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ ሁለት እጆቼን ዘረጋሁላት። አልያዘችኝም። «ዙሪ» አለችኝ። አልገባኝም። «አባትሽ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው የሚቆመው። ስወጣ አያየኝም ነበር።»

ዞርኩ። እጇ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ቀላል ነው ብዬ ነበር፣ ከባድ ነው። አንድ ጊዜ ጫን አለ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ጫን አለ። ከኋላዬ ትንፋሿን እሰማለሁ። ከዚያ ትከሻዬ ባዶ ሆነ፤ ተሳቢው ላይ ሁለት እግር ሲረግጥ ሰማሁ።

ሰኞ እንነሣለን። ባዶዎቹ ጆንያዎች ታጥፈው ሚኒባሱ መቀመጫ ሥር ገብተዋል፤ አሸዋውን ከሐይቁ ዳር እንሞላለን። ጥላውን በዱላዋ ጫፍ ከማገሩ ያወረደችው እማዬ ናት፤ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አልጋዋ ራስጌ አቁማዋለች። የጎርጎራ ሰው አሮጊት በጆንያ ደረጃ ጀልባ ስትወጣ አይቶ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ።

አባዬ፣ ከእንግዲህ ደረጃ ባለበት ሁሉ የት እንደምቆም አውቄያለሁ። ቦታው ያንተ መሆኑን እጇ ትከሻዬን በነካኝ ቁጥር አስታውሳለሁ። ስትወጣም ዞሬ አላያትም።

ልጅህ