ከበርሽ ጀርባ ያለው ሣጥን

ለእህቴ ለበላይነሽ፣ ጅቡቲ

ብዕሩን የያዘችው ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየችው የመድኃኒት ቤቷ ሑስና ናት። ቃሉ ግን የኔ የወንድምሽ የዲበኩሉ ነው። እንደምን ሰነበትሽ? ያ የባሕር ወበቅ እንዴት አደረገሽ? ደረትሽስ ተሻለው? ባለቤትሽ ዘካርያስ፣ ልጅሽ ሃኒ፣ ሁላችሁም ደኅና ናችሁ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ ያላወራሁሽ ቁጣዬ እየቀደመኝ ነው።

ሾፌሩ አብዱልመናን፣ ውስጣቸው ዕቃ ደርድረን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ የሠራንልሽን ሁለቱን ሣጥኖች በደኅና እንዳደረሰልሽ ነገረኝ። ቀጥሎ ያለኝን ግን ባልሰማሁት ይሻል ነበር። የአብሮ አደግሽን የኢተፋን ሣጥን ሳሎን ግድግዳሽ ላይ ሰቅለሻል። የኔን በሩ ጀርባ አኑረሽ ጫማ ትደረድሪበታለሽ። ጫማ!

እንጨቱን የፈታሁት ሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ከተጣለ የጭነት መደርደሪያ ፓሌት ነው። በዚህ ጉልበቴ ቡልቡላ ድረስ ወርጄ፣ እዚያ ካለው ሐይቅ ዳር የዚያን ባለረጅም እግር ሮዝ ወፍ ላባ ለቅሜያለሁ። ከጀርባ የከባድ መኪና ስፖኪዮ መስታወት ገጥሜ ላባው ሁለት ሆኖ እንዲታይ አድርጌያለሁ። ቡሎኑ፣ ቆርኪው፣ የቆመው የእጅ ሰዓት ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ስንት ጊዜ አፈረስኩት!

ኢተፋ ማነው? ምስማር ሳያጣምም መምታት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አሁን በደጄ ሲያልፍ፣ "አካም ጋሼ፣ ሣጥኔ ጅቡቲ ሳሎን ገባች አሉ፤ የእርስዎስ የት ገባች?" ይለኛል።

የሱን አሽጎ ስለላከው አላየሁትም ነበር። ምን አለበት ብዬ አብዱልመናንን ጠየቅሁት። መነጽር ነው አለኝ፣ አንዱ እጀታው በቀይ ክር የታሰረ። የእናታችን የእማማ መነጽር፣ ነፍሷን ይማር! ክሩን ያሰርሽላት አንቺ ነሽ። ለኢተፋ የሰጠሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ሕጌን ታውቂያለሽ፤ ሣጥኔ ውስጥ መንገድ ላይ የወደቀ ዕቃ እንጂ የቤት ዕቃ አላስገባም። ስለዚህ የቤቱን ስብርባሪ በጣሳ ሞልቼ "እጅህን አፍታታበት" ብዬው ነበር። እሱ መነጽሯን ብቻውን አስቀመጠው፤ ከጀርባው ሰማያዊ ቀለም፣ ሌላ ምንም። አንድ ቡሎን እንኳ አልጨመረም። ስትከፍቺው መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ ቀረሽ አሉ። ለኔ ሣጥን እንዲያ አልተቀመጥሽም።

ቅናት ነው ትይኝ ይሆናል። አዎ፣ ቅናት ነው፤ እህል አልበላ ብሎኛል። ሑስና "ይሄም ይጻፍ?" ብላ ቀና አለች። ጻፊው አልኳት። ደግሞ የኢተፋ ሥራ ጥሩ ነው፤ ይሄንንም ጻፊው፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

የሱን አውርጂ አልልሽም፤ የእማማ መነጽር መሬት አይቀመጥም። የኔን ግን ጫማውን አንሺና ፊት ለፊቱ ስቀይው። መነጽሯ የኔን ሥራ ይየው። ስፖኪዮዬም መነጽሯን ይይዘዋል፤ ያኔ እማማ በኔም ሣጥን ውስጥ ትሆናለች።

ዘካርያስን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ሃኒን ጉንጯን ሳሚልኝ። ቤትሽ ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ኢተፋም ሰላም በሉልኝ ብሎ ነበር፤ እኔ አላልኩም።

አዳማ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

በይ ሑስና፣ አሁን አንብቢልኝ። "ጫማ" ያልኩት ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።