የቀረኝ አንድ ቀፎ ቅዳሜ እንዳይቃጠል

ለከፍተኛው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
አዋሳ

ቀን፦ ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ትል ያልሆነው ትል ተብሎ የተጻፈበት ሪፖርት እንዲሰረዝና ቀፎዬ ከእሳት እንዲተርፍ ስለመጠየቅ

ጓድ ሊቀመንበር፣

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳምና፣ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታ እየጠየቅሁ እጮሃለሁ።

1. አመልካች ሃያ ሰባት ዓመት አስተምሬ በጡረታ የተገለልሁ፣ ከአሞራ ገደል ከፍ ብሎ ባለው ቤቴ ጓሮ ሦስት ቀፎ ንብ የነበረኝ ሴት ነኝ። የማር ነጋዴ አይደለሁም። ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ አመሻሽ ላይ ቀፎ ከፍቶ ማየት የቀረኝ ደስታ ነው። ማሩን ከጎረቤት ጋር እንበላዋለን። አምና አንድ ማሰሮ የላክሁላቸው የቀበሌያችን ጓዶችም ትል አለበት ሳይሉ ጨርሰውታል።

2. እሑድ ኅዳር 10 ቀን በጠራራ ፀሐይ የቀበሌያችን የጤና ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ደበሌ፣ ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች አስከትሎና ሽቶ ተቀብቶ፣ ቀፎዎቹን ሊመረምር መጣ። ንብ ሽቶ እንደማይወድ፣ ቀፎም የሚከፈተው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በኩበት ጭስ እንደሆነ ነገርሁት። "እትዬ ሙሉጌጥ፣ ሳይንሱን ለእኛ ይተዉት" አለኝ። ተውሁለት።

ማር የሚቆረጠው ከቀፎው በስተኋላ ነው። ከፊት፣ ከመግቢያው አጠገብ ያለው የንብ ልጆች ማደጊያ ነው። ጓድ ደበሌ ሁለቱን ቀፎዎች ገልብጦ ያንኑ ማደጊያ ቆረጠና ነጫጭ እጮቹን ሲያይ ማሩ ተልቷል ብሎ ሪፖርት ጻፈ። ሪፖርቱን የፈረመው በግራ እጁ ነው፤ ቀኙ አብጦ ነበር። ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ጥለው እስከ ሐይቁ መሮጣቸውን ዓሣ አጥማጆቹ ዛሬም ያወሩታል። ጠመንጃዎቹን ለቅሜ ያስረከብሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላመሰገነኝም።

3. የሁለቱ ቀፎ ንቦች ጥለውኝ ሄዱ። አሥራ አንድ ዓመት አብረውኝ የኖሩ ናቸውና አልቅሻለሁ። ትናንት ደግሞ የተበላሸ ምግብ ለሕዝብ አድላለች ተብዬ፣ ሦስተኛው ቀፎ የፊታችን ቅዳሜ እንዲቃጠል መወሰኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌው ደረሰኝ።

ስለዚህ ንብ የሚያውቅ አንድ ሰው ከግብርና መሥሪያ ቤት ተልኮ ቀፎውን እንዲያይልኝና እስከዚያው ትእዛዙ እንዲታገድልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ አመሻሽ ላይ፣ ሽቶ ሳይቀቡ።

4. ከጥፋት ነጻ ነኝ አልልም። በ1959 ዓ.ም. አራተኛ ክፍል ሳስተምር፣ ንብ ከእንቁላል ወደ እጭ፣ ከእጭ ወደ ሙሽሬ እየተለወጠች እንደምታድግ ሰሌዳው ላይ ሥዬ ነበር። በፈተናም ጠየቅሁ። ደበሌ የሚባል ተማሪዬ ባዶ ወረቀት መለሰልኝ። እናቱ ቤቴ ድረስ መጥተው ስላለቀሱብኝ አሳለፍሁት። ለዚህ ጥፋት መቀጣት ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ንቦቹ አላሳለፉትም።

ከእኔና ከቀረው ቀፎዬ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሙሉጌጥ ተፈራ