በዘርፌ ወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 9 ሰዓት

ዛሬም የምስሩ ወጥ ዘይት ለብሶ ቀረበ። ፊቴን አየሁበት ብል ማጋነን አይሆንም። አብሳይዋ የሚስቴ የዘርፌ እህት ትርንጎ ናት። ዘርፌ ከጡቷ ዕጢ ወጥቶላት ከሆ/ል ስትመለስ፣ ላስታምማት ብላ ከድንበር ከተማዋ ከገላባት መጣች። አልሄደችም። የሱዳኗ ገዳሪፍ ሙቀትና አቧራ አንሶኝ ይህችም ተጨመረችብኝ።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ሐኪሟ ያስጠነቀቀችንን ላንተ ልድገመው፤ ሌላ ሰሚ የለኝም። ከካርቱም የተፈናቀለች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። የወር አበባ ሲቋረጥ የእንቁላል ማምረቻዎቹ ያርፋሉ፤ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ግን ከሰውነት ስብ መመረቱን አይተውም። የዘርፌ ዕጢ ደግሞ በዚሁ ሆርሞን የሚፋፋ ዓይነት ነው። የታዘዘላት ኪኒን ምርቱን ይገታል። ስቡ እንዳይከመር መጠበቅ የእኛ ድርሻ። ሁሉንም ለትርንጎ ከዐረብኛ ተረጎምኩላት። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሁዳዴ ሲገባ ቅቤውን አነሣች፤ ዘይቱን እጥፍ አደረገች!

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ተናገርኳት። መልሷ፦ «ኧረ ጋሼ! የጾም ምግብ ሰው ያወፍራል ሲባል የት ሰሙ? የሰሊጥ ዘይት እኮ ነው፤ ግመል መጭመቂያ እያዞረ ያወጣው።»

እምነቷ ይህ ነው። ቅቤና ሥጋ ከሌለበት ገበታ ስብ የለም። ግመሉንም ለምስክርነት ትጠራለች። በልጅነቴ ጎንደር፣ በእናቴ ቤት፣ የኑግ ዘይት እንደ ሽቶ ጠብ ይል ነበር። እዚህ በሰሊጥ አገር በጀሪካን ይገለበጣል። ጨዋነት ከልክ ጋር አብሮ ጠፋ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ። ከሆ/ል መልስ

ዘርፌን መዘኗት። በጾም ከብዳለች። ሐኪሟ አየችኝ። «ያ ኡስታዝ፣ ጾማችሁ እንዲህ ነው?» አለች፤ መምህር ሆይ ማለቷ ነው። አፈርኩ። ዘይቱ ለልብ ከቅቤ ይሻላል አለች፤ ሲበዛ ግን ያው ያወፍራል። ክብደቷ ቢቀንስ ሆርሞኑም መቀነሱ አይቀርም፤ ዕጢው ላለመመለሱ ግን ዋስትና አልሰጥም አለች። ዋስትና የማይሰጥ ሕክምና! እሷንም ጠላኋት።

ቤት ስንገባ ትርንጎ ሚዛኑ የተበላሸ ነው ብላ ፈረደች። እህቴን በረሃብ ሊገድሏት ነው ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። በሚቀጥለው ሳምንት የገላባት አውቶቡስ ላይ እጭናታለሁ። ወስኛለሁ።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

የጎረቤቶቻችን ዒድ። ግቢው በልጆች ሳቅ ተሞልቷል፤ የኛ ቤት ጸጥ ብሏል። የአውቶቡሱን ነገር ለዘርፌ ነገርኳት። የገመድ አልጋዋ፣ አንገሬቧ ላይ ተቀምጣ ጠባሳዋን በነጠላዋ ላይ ትዳብሳለች። «መሞት አልፈልግም» አለች። ይህን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ዘይቱንም አልፈልገውም። እህቴን ግን አታባርርብኝ። ቁስሌን ያጠበችው እሷ ናት።»

 

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ። ጧት

ትርንጎ ትቀመጣለች። ከዛሬ ጀምሮ ድስቱ የእኔ ነው። አስታወቅኋት። ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። «ጋሼ፣ ድስት በየት በኩል እንደሚያዝ ያውቃሉ? ሰው ምን ይለናል?» ይበል። አባቴ ጨው የት እንደሚቀመጥ ሳያውቅ ሞተ። እኔም በዚህ ሽበት የማድ ቤት ደፍ ተሻግሬ አላውቅም ነበር።

ይህን የምጽፈው ምድጃው አጠገብ ነው። ዘርፌ ከውጭ ታዝዘኛለች፦ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ ጠብታ ውሃ እየተደረገበት ይቁላላል። ዓይኔ ያነባል። ትርንጎ በሩ ላይ ቆማለች፤ አልወዳትም፤ ጀሪካኑን ከእግሬ ሥር ደብቄባታለሁ። ወጡ እስኪወርድ ከዚህ አልነሣም። ፋሲካም ቢሆን፣ ከፋሲካ ወዲያም ቢሆን ድስቱን አልለቅም።

አረረ መሰለኝ። ውሃው የት…