የጆሮዬ ሰንበሌጥ

ታኅሣሥ ፳፱፣ ጧት፣ ጎባ
ጨው ውሃ አፍልቼ ጆሮዬን አጠብኩ። ቀዳዳው ውስጥ የገባችውን ሰንበሌጥ ሁለት ጊዜ አዞርኩ። ያማል። በቀኝ ጎኔ መተኛት ቀርቷል። ባለቤቴ ወለተ ትስቃለች፤ በዚህ ዕድሜህ እንደ ልጃገረድ ተበሳህ አለችኝ። ደብተሬ፣ አንተ እንኳ አትሳቅ። ዝሆን የገደለ ሎቲ ያደርጋል። የባላምባራስ ጸሐፊ ሆኜ ስኖር ከብዕር ሌላ ስም አልነበረኝም። ሎቲው የሚደረግልኝ በጥር ማርያም፣ በባላምባራስ ግብዣ ላይ። እስከዚያ መዳን አለበት። ይድናል።

ጥር ፫፣ ቀትር
አበጠ። መግል ይዟል። ጥፋቱ የራሴ። ስጽፍ ጆሮዬን እነካካለሁ፤ ጣቴ ደግሞ ሁልጊዜ ቀለም ነው። የቀዳዳው ዙሪያ ጠቁሯል። ወለተ ቅቤ ልቀባህ አለች። ቅቤው የከረመ ነው፤ እንቢ አልኩ።

ጥር ፬
ገመዳ መጣ። ሐረና ጫካ ለዝሆን አደን የመራን የሪራ መንደር ሰው። አሁን ለግቢው አጥር እንጨት ይሸከማል። ጆሮዬን አይቶ ሸክሙን አወረደ። እጁን ታጠበ፤ እኔንም አስታጠበኝ። ከቅሉ ማር አውጥቶ ቀባኝ። ብዕር የያዘ እጅ ጆሮ አይነካም ብሎ ገሠጸኝ፤ እንደ ልጅ። እሺ አልኩ።

ጥር ፱
መግሉ ደረቀ። ገመዳ እንጨቱን ይዞ ሲያልፍ በየጧቱ ይገባል። ስለ አደኑ አያነሳም። እኔም አላነሳም።
ደብተሬ፣ ላንተ ልጻፈው። ስተኩስ ጦሩ ዝሆኑ ጎን ላይ ተሰክቶ ነበር። የገመዳ ጦር። በደንቡ ገዳይ ቀድሞ ያደማው ነው። ጭሱ ሳይበተን ጓደኞቼ በስሜ ፎከሩ። ዝም አልኩ።

ጥር ፲፬
የግቢውን ደንብ ስገለብጥ አገኘሁት። ዝሆን የገደለ ገባር እንጨት አይሸከምም። አምና በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። በመስኮት አየሁ፤ ገመዳ ጎንበስ ብሎ ዳገቱን ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሄደልኝም።

ጥር ፲፱
ገመዳን ለምን ዝም አልክ ብዬ ጠየቅሁት። ማሩን መቀባት አላቋረጠም።
"ጌታው፣ እርስዎ ሲተኩሱ ዝሆኑ በጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር። ሁሉም አይተዋል። እኔ ብናገር ማን ይጽፈዋል?"
እንጨቱን ተሸክሞ ሄደ።

ጥር ፳፣ ጧት
ጆሮዬ ድኗል። ንጹሕ ነው። ሰንበሌጧን አወጣኋት። ቀዳዳው ይገጥማል፤ የቀለሙ ጥቁር ነጥብ ግን እስክሞት ይኖራል።
የገመዳን ስም ጻፍኩ፤ ቀድሞ ያደማ ብዬ። ነገ በግብዣው ላይ አነበዋለሁ። ባላምባራስ ከጸሐፊነት ቢሽሩኝ ይሻሩኝ።
ወለተን ጆሮ የሚበሳ ቀጭን እሾህ ፈልጊ አልኳት። ደግሞ ለማን አለች። ለገመዳ። ጨው ውሃውን እኔ አፈላለሁ፤ እጄንም አስቀድሜ እታጠባለሁ።